ቀዩ መቅኔ

በእኛ ቤት ከወባ ለተነሣ ሰው የቅልጥም መረቅ ይሠራል። ቅልጥሙ በመጥረቢያ ጀርባ ተሰብሮ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበት፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ከሰል ላይ ይንተከተካል። በድሬዳዋ ሙቀት ከሰል አጠገብ መቆም ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ሆኖም ለታማሚ ሲሆን ማንም አያማርርም። ሲበስል አጥንቱን ገልብጠው የሳህኑ ጠርዝ ላይ መታ መታ ሲያደርጉት መቅኔው ተንሸራትቶ ይወጣል፤ ቢጫ፣ ልስልስ ያለ፣ ጣት ላይ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ። «ጠጣ፣ ደም ይተካልሃል» ይባላል።

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ደም የሚተካው በርግጥም መቅኔ ነው። ግን ሳህኑ ላይ ያለው መቅኔ አይደለም። ይህን ለመለየት የተጀመረው ፍለጋ ከ150 ዓመት በላይ ወስዷል፤ ብዙ አገር ዞሮ፣ አንድ ትልቅ ስህተት ውስጥ ገብቶ ወጥቶ፣ በመጨረሻ እኛው ሠፈር፣ በርሜላችን ሥር ደርሷል። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

በ1868 ኮኒግስበርግ በምትባል የፕሩሺያ ከተማ፣ ዛሬ የሩሲያዋ ካሊኒንግራድ በሆነችው፣ ኧርንስት ኖይማን የተባለ ሐኪም የጥንቸልና የሰው አጥንት እየጨመቀ የሚወጣውን ጭማቂ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። እስከዚያን ጊዜ መቅኔ የአጥንት ቀለብ ነው፣ አለዚያም ባዶ ቦታ የሚሞላ ስብ ነው ይባል ነበር። ኖይማን ያየው ሌላ ነው። በደም ሥር የሚዘዋወር ቀይ የደም ህዋስ ኒውክለስ የለውም፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አውጥቶ ይጥለዋል። ከአጥንቱ በተጨመቀው ጠብታ ውስጥ ግን ቀይ ቀለም ይዘው ኒውክለሳቸውን ገና ያልጣሉ ህዋሳት ነበሩ። ገና ጨቅላ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ደም የሚወለደው እዚሁ ነው፣ የሚወለደውም በማኅፀን ሳለን ብቻ ሳይሆን እስከ ዕለተ ሞታችን ድረስ ነው ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት የጣሊያኗ ፓቪያ ከተማ ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮም እዚሁ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አላመኗቸውም።

ኖይማን ግን አልተወውም። በ1882 በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣ፦ ሰው ሲያድግ የእጅና የእግር ረጃጅም አጥንቶች መቅኔ ወደ ቢጫ ስብ ይለወጣል፤ ደም የሚሠራው ቀዩ መቅኔ በዳሌ፣ በአከርካሪ፣ በጎድንና በደረት አጥንት ውስጥ ይቀራል። ከቅልጥም የምንመጠው ቢጫው ነው። ጡረታ የወጣው። መረቁ ጉልበት አይሰጥም አላልኩም፤ ስብ ስብ ነው።

ከኖይማን ግኝት አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1869፣ ጉዦን የተባለ ፈረንሳዊ ከእንስሳ አጥንት መቅኔ አውጥቶ ሌላ የሰውነት ክፍል ውስጥ ቢያስቀምጠው አጥንት ሆኖ አገኘው። ሐኪሞቹ ብዙም ልብ አላሉትም። እኛ አገር ወጌሻ ዘንድ ብትሄዱ ግን የሚያስደንቀው አይመስለኝም። ወጌሻ ስብራቱን አቅንቶ፣ በቀርከሃ ደግፎ ካሰረ በኋላ የቀረው ሥራ የአጥንቱ መሆኑን ያውቃል። እሱ ያላየው፣ ከስብራቱ አፍ የሚነሣው ጠጋኝ ህዋስ ከፊሉ ከመቅኔው የሚመጣ መሆኑን ነው። ይህ ነገር እንደገና የሚነሣው መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

በ1902 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1895 ታኅሣሥ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ተራራ ሥር ደረሰ፤ ድሬዳዋም ከተማ ሆነች። ባቡሩ ሸቀጥና ሰው አመጣ። ስለ ባቡሩ ብዙ ተጽፏልና አልፈዋለሁ፤ የጅቡቲን መንገድ ግን አስታውሱልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ድሬዳዋ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በ1909፣ አሌክሳንደር ማክሲሞቭ የተባለ ሩሲያዊ በርሊን ላይ ቆሞ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ቀዩም፣ ነጩም፣ ሁሉም የደም ህዋስ ከአንድ እናት ህዋስ ነው የሚወጣው አለ። ለእናቲቱ የሰጣት ስም በጀርመንኛ «ግንድ ህዋስ» የሚል ነው። ዛሬ ሐኪሞቻችን ስቴም ሴል የሚሉት እሱን ነው። ማክሲሞቭ ልክ ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግንዱ ከቅርንጫፉ የሚለይበት ምንም ምልክት የለም።

ማረጋገጫው በአስቀያሚ መንገድ መጣ። በነሐሴ 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ተጣለ። ከእሳቱና ከፍርስራሹ የተረፉ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ ድዳቸው እየደማ፣ ቆዳቸው ላይ ቀይ ነጠብጣብ እየወጣ፣ ጤነኛ ሰው የሚያሸንፈው ኢንፌክሽን እየጣላቸው ሞቱ። ጨረሩ ቀዩን መቅኔ አድርቆት ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የወታደሮችም የሐኪሞችም ሆነ፦ የደረቀ መቅኔ ይተካል ወይ?

በ1949 ቺካጎ ላይ ሊዮን ጃኮብሰን አይጦችን በሚገድል ጨረር ሲመታ ጣፊያቸውን በእርሳስ ከለለላቸው፤ ተረፉ። የአይጥ ጣፊያ ደም መሥራት ይችላል። በ1951 ኤጎን ሎሬንዝና ባልደረቦቹ ጨረር የመታቸውን እንስሳት የሌላ እንስሳ መቅኔ በመርፌ ሰጥተው አዳኑ። በ1956 እንግሊዞች የተረፉት አይጦች ደም የማን እንደሆነ በክሮሞዞም ምልክት መረመሩ፤ የለጋሹ ነበር። የእንግዳው መቅኔ ቤት ሠርቶ ወልዷል።

ወደ ሰው ሲመጣ ነገሩ ከበደ። በ1957 ዶናል ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለስድስት ታማሚዎች የሌላ ሰው መቅኔ መስጠቱን አሳተመ፤ አንዳቸውም ለረጅም ጊዜ አልቆዩም። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር 15 ቀን ዩጎዝላቪያ ውስጥ ቪንቻ በሚባል የኑክሌር ምርምር ጣቢያ ማብላያው ከቁጥጥር ወጣ፤ ስድስት ሰዎች በከባድ ጨረር ተመቱ። ወደ ፓሪስ ተወሰዱ። ዦርዥ ማቴ የተባለ ሐኪም ከፈረንሳውያን በጎ ፈቃደኞች መቅኔ ወስዶ ለአምስቱ ሰጣቸው። አስቡት፤ የማያውቁት አገር ሰዎች፣ ቋንቋቸውን የማይሰሙ፣ አጥንታቸውን በመርፌ አስበስተው መቅኔ ሰጧቸው፣ ያውም ከዚያ በፊት በሰው ላይ ይሠራል ተብሎ ያልተረጋገጠ ነገር። አንዱ ሞተ፣ አራቱ ተረፉ። ያዳናቸው የተሰጣቸው መቅኔ ነው ወይስ የራሳቸው መቅኔ አገግሞ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የሕክምና ታሪክ ሲተረክ እንዲህ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን ሊዘለል አይገባም እላለሁ፣ ምክንያቱም በኋላ የሚመጣው ስህተት ዘሩ እዚህ ነው። ታማሚ ሲድን መድኃኒቱን ማመስገን ይቀናል።

ከዚያ ቶሮንቶ። ጄምስ ቲል ፊዚክስ የተማረ፣ ኧርነስት ማካሎክ ደግሞ ሐኪም ነበሩ። ጨረር የመቷቸውን አይጦች የተወሰነ መጠን መቅኔ እየሰጡ ስንቱ እንደሚተርፍ ይቆጥራሉ። አንድ እሑድ ማካሎክ ለብቻው ቤተ ሙከራ ገብቶ አሥር ቀን ያህል የሆናቸውን አይጦች ከፈተ። ጣፊያቸው ላይ በዓይን የሚታይ ጉብጉብ ነገር አለ። ቆጠረው። ብዙ መቅኔ የተሰጠው አይጥ ብዙ ጉብታ አለው፤ ጥቂት የተሰጠው ጥቂት። አሥር ሺህ ያህል የመቅኔ ህዋስ በተሰጠ ቁጥር አንድ ጉብታ! ጉብታው ሲመረመር ቀይም ነጭም የደም ህዋስ በአንድ ላይ ተገኘበት። በ1961 አሳተሙት። በ1963 ደግሞ ከአንድሩ ቤከር ጋር ሆነው በክሮሞዞም ጠባሳ ምልክትነት እያንዳንዱ ጉብታ ከአንዲት ህዋስ መነሣቱን አረጋገጡ። የማክሲሞቭ ግንድ በመጨረሻ ተጨበጠች፤ ያውም ማንም ሳያያት፣ በልጆቿ ቁጥር።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። የለጋሽና የተቀባይን ሥጋ ማመሳሰል ሲታወቅ፣ በ1968 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሮበርት ጉድ መከላከያ አቅም ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን የእህቱን መቅኔ ሰጥቶ አዳነው። ቶማስም ሳይታክት ቆይቶ በ1990 ኖቤል ተሸለመ። በአገራችን ግን የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሲታዘዝ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያነሣው ነገር የህንድ ጉዞና የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው።

በዚህ መሀል ሞስኮ ውስጥ አሌክሳንደር ፍሪደንስታይን የጉዦንን ነገር ቀስቅሶ ነበር። መቅኔ ውስጥ ደም የማይሠሩ ሌሎች ህዋሳት እንዳሉ፣ የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ተጣብቀው እንደሚያድጉ፣ አጥንት መሥራት እንደሚችሉ ከ1966 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት አሳየ። ወጌሻው ሳያያቸው የሚተማመንባቸው እነዚህን ነው። በ1991 አርኖልድ ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ «ሜሴንካይማል ስቴም ሴል» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ ስሙ ከነሱ በላይ ሮጠ።

አዲሱ ምዕተ ዓመት ሲገባ ዓለም በስቴም ሴል ሰክሮ ነበር። የአዋቂ ሰው መቅኔ ጡንቻ ይሆናል፣ ጉበት ይሆናል፣ አንጎል ይሆናል የሚሉ ጽሑፎች ተከታተሉ። ከሁሉ የገነነው በኤፕሪል 2001 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣው ነው። ዶናልድ ኦርሊክ፣ ፒዬሮ አንቬርሳና ባልደረቦቻቸው ልቡ የሞተበትን አይጥ መቅኔ ወግተነው አዲስ የልብ ጡንቻ በቀለ አሉ። በዚያው ዓመት ጀርመን ዱሰልዶርፍ ውስጥ ቦዶ ስትራወር ድንገተኛ የልብ ሕመም የመታውን ሰው የራሱን መቅኔ ወደ ልቡ የደም ሥር መለሰለት። በአይጡና በሰው መካከል ሊኖር የሚገባው ጊዜ አልነበረም።

በ2004 እዚያው «ኔቸር» ላይ ሁለት ጽሑፎች ወጡ፤ አንዱ ከሲያትል፣ አንዱ ከስታንፎርድ። ምልክት የተደረገባቸውን የመቅኔ ህዋሳት ልብ ውስጥ ተከትለው ሄዱ። የደም ህዋስ ሆነው ነበር። የልብ ጡንቻ አልሆኑም። አንዳንዴም ጡንቻ ሆነ የተባለው ከነባሩ ህዋስ ጋር ተዋህዶ ነው። አንቬርሳ አልተቀበለም፤ ሙከራው ግን በሰው ላይ ቀጠለ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ታማሚዎች መርፌ ተወጉ። በ2017 አንቬርሳ ይሠራበት የነበረው የቦስተን ሆስፒታል የተጭበረበረ መረጃ ለድጋፍ ገንዘብ ቀርቧል በሚል 10 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት ለመክፈል ተስማማ። በ2018 ሃርቫርድና ሆስፒታሉ ከላቦራቶሪው የወጡ 31 ጽሑፎች እንዲሰረዙ ጠየቁ። በዚያ ላይ ካፕላን ራሱ በ2017 ስሙን ለውጡልኝ ብሎ ጻፈ፤ እነዚያ ህዋሳት ግንድ ሳይሆኑ ሌሎችን በመልእክት የሚያበረታቱ ናቸው አለ። በ2020 ደግሞ 3,000 ታማሚዎችን ሊያካትት ታቅዶ የነበረው፣ መቅኔን ለልብ የሚሞክር የአውሮፓ ጥናት 375 ብቻ አግኝቶ ያለ ቁርጥ መልስ ተዘጋ። አሁንም ጉልበትህን፣ ዓይንህን፣ ልጅህን በስቴም ሴል አድንልሃለሁ የሚል ማስታወቂያ ስልኬ ላይ ይመጣል። የሚሸጠው ያ የ2001 ስካር ነው።

የሚገርመኝ የዚያች 2001 ሌላው ገጽ ነው። የልቡ ጽሑፍ በወጣ በወሩ፣ በሜይ፣ አሜሪካ ኢማቲኒብ የተባለውን ክኒን ፈቀደች። ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር የሚነሣው ከራሷ ከግንድ ህዋሷ ነው፤ ሁለት ክሮሞዞሞች ቁራጭ ተለዋውጠው ያበላሿት ግንድ። ጉድለቱ ከታየ 40 ዓመት ተለፍቶበት ነው ክኒኑ የተገኘው። ጋዜጣው የጮኸው ለልቡ ነበር። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግን ሲኤምኤል ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ያንን ክኒን በነፃ ፕሮግራም ሲወስዱ ኖረዋል፤ ከድሬዳዋ የሚሄድ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ። መቅኔው ልብ እንዲሆን ያልጠየቀው ምርምር ነው ሰው ያቆየው።

የመቅኔ ዋና ሥራ ደም ነው። በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ያህል፣ በቀን ወደ 200 ቢሊዮን ቀይ ህዋስ። ሳይንቲስቶቹ ይህን ተራ ሥራ ንቀው ወደ ልብና ወደ አንጎል ሲያዩ፣ መቅኔውን አስቀድሞ ያጠናው ሌላ ነበር፦ የወባ ተህዋሲ።

ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ሰውን የሚያንዘፈዝፈው ደም ውስጥ ሲራባ ነው። ወደ ትንኝ መሻገር የሚችለው ግን ወንድና ሴት ሆኖ ሲለይ ብቻ ነው፤ ያ ዓይነቱ ጋሜቶሳይት ይባላል፣ ሲጎለምስ ማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ማጭድ፣ እንደ ሙዝ የጎበጠ ሆኖ ይታያል። እስኪጎለምስ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ታዲያ በእነዚያ ቀናት ከጣት በሚወሰድ ደም ውስጥ አይገኝም ነበር። የት ይሄዳል? በ2014 ማላዊ ውስጥ በወባ ከሞቱ ሕፃናት የተወሰደ የሰውነት ናሙና መልሱን ሰጠ፤ መቅኔ ውስጥ፣ ከደም ሥር ውጪ፣ ገና ከሚያድጉት ቀይ ህዋሳት ጎን። በ2020 ደግሞ ኖይማን ያያቸው ኒውክለስ ያልጣሉ ጨቅሎች ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ማደግ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታየ። ደማችን የሚታደስበት ጓዳ የእሱም ማሳደጊያ ነው።

አሁን ወደ ጅቡቲ መንገድ እንመለስ። በ2012 ጅቡቲ ውስጥ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የሚባል የእስያ ትንኝ ተገኘ። በ2016 ቀብሪደሃር፣ በ2018 ድሬዳዋ ላይ ታየ። የለመድነው የወባ ትንኝ የዝናብ ኩሬ ይወዳል፤ ይህኛው የከተማ ነው፣ በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ ይበቃዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ውኃ የማያጠራቅም ቤት የለም፤ ቧንቧው በመጣ ቀን ካልሞላህ በቀጣዩ ቀን ትጠማለህ። በ2019 ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ብቻ ከ2,400 በለጠ፤ ያውም ወባ አይጠበቅም በሚባልበት በበጋ። ፍፁም ታደሰና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባልደረቦቹ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ፣ በእኛ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 2014፣ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ጨምሮ ቤት ለቤት መረመሩ። የታመመ ሰው ባለበት አካባቢ ያ ትንኝ አለ፤ ትንኟም ተህዋሲውን ይዛለች። ተህዋሲው ደግሞ ፈጣኑ መመርመሪያ እንዳያገኘው የሚያደርግና መድኃኒት የመቋቋም ምልክት የሆነ የዘር ለውጥ ይዟል። ጥናቱ በ2023 «ኔቸር ሜዲሲን» ላይ ወጣ።

በዚያው 2023 ሌላ እንቆቅልሽም መቅኔ ውስጥ ተፈታ። ቫይቫክስ የሚባለው ሁለተኛው ወባ ወደ ቀይ ህዋስ የሚገባው ዳፊ በሚባል በር ነው፤ ስሙ በ1950 ደሙ ሲመረመር በሩ ከታወቀበት ታማሚ የተወሰደ ነው። በ1976 ሉዊስ ሚለር በሩ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስ እንደማይይዛቸው አሳየ፤ አብዛኛው አፍሪካዊ የሌለው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በሩ ያለውም የሌለውም አንድ መንደር ይኖራል፣ እና በ2013 በሩ የሌላቸው ኢትዮጵያውያን በቫይቫክስ ታመው መገኘታቸው ታተመ። እንዴት? የ2023ቱ ምርምር የመቅኔን ጨቅላ ህዋሳት ሲያይ፣ በሩ የለም በተባለላቸው ሰዎችም ህዋሱ ጨቅላ ሳለ ለአጭር ጊዜ በሩ እንደሚከፈትና ሲጎለምስ እንደሚዘጋ አገኘ። የጣት ደም ብቻ ሲታይ በሩ የለም። መቅኔ ውስጥ ግን ለጥቂት ጊዜ አለ።

ድሬዳዋ ውስጥ ዛሬ ፋልሲፓረም የተገኘበት ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ኮአርተም ይሰጠዋል፤ ለሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ። ከሱ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ የምትዋጥ ፕሪማኩዊን አለች። ብዙ ሰው ለምን እንደምትሰጥ አያውቅም፣ ኮአርተሙ ካሻለው በኋላ የምታስፈልግ አትመስለውም። እሷ ለሱ አይደለችም። ከዳሌውና ከአከርካሪው ውስጥ ጎልምሰው ወደ ደም የሚወጡትን ማጭዶች ትንኟ ሳትጠጣቸው የምትገድል ናት። እሱ መረቁን እየጠጣ፣ ቀዩ መቅኔው የጠፋውን ደም እየተካ፣ ክኒኗ ደግሞ በርሜሉን ላልከደነው ጎረቤቱ ትሠራለች።